የውሃ ተርቡ ለምን ጠቆረ፣ ቢራቢሮውስ ለምን ረገፈ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎች ጋር ጣና ዳር የውሃ ተርብና ቢራቢሮ ሰብስበን ነበር። ቢራቢሮዎቹን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘን መጣንና ፍሊት ነፍተን ገደልናቸው፤ ክንፋቸው ረገፈ። የውሃ ተርቦቹን በስፒል ወግተን ካርቶን ላይ አደረቅናቸው፤ ጠቆሩ፣ ሸተቱ፣ የተረፉትን ደግሞ ጉንዳን በላቸው። ምን እናስተካክል? መረቡስ ከምን ይሠራ? መቼ እንውጣ? ስማቸውን እንዴት እንለይ? ሁሉንም መግደልስ የግድ ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ መምህር። ከመጥቆሩ ልጀምር፤ ምክንያቱ ከገባዎት አሠራሩ ይቀልዎታል። የውሃ ተርብ ሥጋ በል ነው። ቀኑን ሙሉ ትንኝና ዝንብ ሲያድን ስለሚውል በተያዘበት ሰዓት አንጀቱ ሙሉ ነው፤ ደረቱም በበረራ ጡንቻ የታጨቀ ነው። ሲሞት አንጀቱ ውስጥ ያለው መበስበስ ይጀምራል፣ የሰውነቱም ስብ ወደ ውጭ ይሰርጋል። ያ የሚያምረው ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም ደግሞ ከቆዳው ሥር ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ስላለ፣ ሕዋሳቱ ሲበሰብሱ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፀሐይ ላይም አደረቁት ጥላ ውስጥ፣ ውጤቱ ያው ነው። የቢራቢሮ ቀለም ግን ክንፉን በሸፈነው ደረቅ ብናኝ ላይ ነው፤ ቢደርቅም አይጠፋም። የእርሱ ችግር መሰበርና መራገፍ ነው። ሁለቱን በአንድ ዘዴ መያዝ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ለውሃ ተርብ የሚበጀው አሴቶን ነው። ውሃውንም ስቡንም ከሰውነቱ ስቦ ያወጣል፣ ብስባሴው ሳይጀምርም ያደርቀዋል። የያዙትን ተርብ ወዲያው አይግደሉ። አራቱንም ክንፎች ከጀርባው በላይ ገጥመው በወረቀት ፖስታ ያስገቡትና ፖስታውን ጥላ ቦታ ባለ ካርቶን ውስጥ ያኑሩት። ክንፉ ከተገጠመ አይታገልም። እስከ ማታ፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ ጠዋት ይቆይ፤ በዚህ ጊዜ አንጀቱን ባዶ ያደርጋል። አሴቶን ተጠቅመውም ሆዱ የጠቆረ ናሙና የሚያገኙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ደረጃ የዘለሉ ናቸው። ቀጥሎ ተርቡን አሴቶን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይንከሩት፤ ይሞታል። አውጥተው ገና ሳይደርቅ ሆዱን ቀጥ ያድርጉ፣ እግሮቹን ከደረቱ ራቅ ያድርጓቸው፣ ክንፎቹን ይግጠሙ። ትልልቆቹ ሲደርቁ ሆዳቸው በቀላሉ ስለሚሰበር ቀጭን የመጥረጊያ ጭራ ከደረቱ በኩል እስከ ሆዱ መጨረሻ ቢያስገቡ ጥሩ ነው። ከዚያ ከነፖስታው መልሰው ይንከሩት፦ ቀጫጭኖቹን ለ12 ሰዓት ያህል፣ ትልልቆቹን ለ24 ሰዓት። ሲያወጡት አየር በሚያገኝ ጥላ ላይ ያኑሩት፤ ሽታው ሲጠፋ ደርቋል ማለት ነው።

አሴቶኑ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይብዛ። ጥቂት ጊዜ ከሠሩበት በኋላ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ስብና ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ያኔ ሁለት ማሰሮ ይያዙ፦ አሮጌው ለመግደያና ለመጀመሪያው ንከር፣ ንጹሑ ለመጨረሻው። ማሰሮው ብርጭቆ፣ ክዳኑ ብረት ይሁን፤ አሴቶን ብዙ ፕላስቲክ ያለሰልሳል፣ ፎም የሚባለውን ነጭ ስፖንጅማ ፕላስቲክ ደግሞ ጨርሶ ያሟሟል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በዚህ ቦታ አይተካም፤ አንዳንዱ አሴቶን የለውም፣ ያለውም ውሃ፣ ዘይትና ሽቶ የተቀላቀለበት ነው። ከኬሚካል መሸጫ ንጹሑን ይግዙ። እሳት ቶሎ ስለሚይዝ ከሰልና ምድጃ ካለበት ክፍል ይራቅ፣ መስኮት ይከፈት፣ ማሰሮውን የሚነካው መምህሩ ብቻ ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ አሴቶን ያበላሻል፦ አንዳንድ ወንድ ተርቦች ሲጎለምሱ ሰውነታቸው ላይ የሚወጣውን ሰማያዊ አመድማ ሰም ሊያለቅቀው ይችላል። እንዲህ ያለውን ከመንከርዎ በፊት ፎቶ ያንሱት።

የደረቀውን ተርብ በስፒል መውጋት አያስፈልግም። በዓለም ላይ ብዙ ትልልቅ የተርብ ስብስቦች ክንፉ ተገጥሞ፣ በጎኑ ተኝቶ፣ በሚያሳይ ፖስታ ውስጥ ከአንድ ወፍራም ካርድ ጋር ነው የሚቀመጡት። ካርዱ 7.5 በ12.5 ሴንቲሜትር ከሆነ ይበቃል፤ መረጃው ካርዱ ላይ ይጻፋል። ለመለየት የሚያስፈልገው የደረቱ ጎን፣ የክንፉ ሥርና የሆዱ ጫፍ እንዲህ ሆኖ በደንብ ይታያል፤ ቦታም አይፈጅም። ጭንቅላቱ ቢወድቅ እንኳ ፖስታው ውስጥ ስለሚቀር አይጠፋም።

ወደ ቢራቢሮው ስንመጣ ጥፋቱ ከሁለት ቦታ ነው። ሃይላንድ ውስጥ የገባ ቢራቢሮ እስኪሞት ድረስ ፕላስቲኩን በክንፉ ይመታል፤ ከአተነፋፈሱ የሚወጣው እርጥበትም ጠርሙሱን ያረጥበዋል፣ ክንፉ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ፍሊት ደግሞ የነርቭ መርዝ ስለሆነ ቢራቢሮው እየተንቀጠቀጠ ነው የሚሞተው፤ አብዛኛው ፈሳሹም ክንፉን ያርሳል። በሱ ፈንታ መካከለኛ ቢራቢሮን እዚያው መረቡ ውስጥ፣ ክንፎቹ ከጀርባው በላይ በተገጠሙበት ቅጽበት፣ ደረቱን ከክንፉ ሥር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጥብቅ አድርገው ለጥቂት ሰከንድ ይጫኑት። ሆዱን አይጫኑ፣ ይፈርጣል። እንደ ቻራክሰስ ያሉት ወፍራም ደረት ያላቸው በጣት ስለማይበገሩ ፖስታ ውስጥ አስገብቶ ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ ማሳደር ይሻላል። ትንንሾቹን ለመግደል ታች 2 ሴንቲሜትር ጄሶ የፈሰሰበትና ጄሶው ኤቲል አሲቴት የሚባለውን የነፍሳት መግደያ ፈሳሽ ጥቂት የጠጣበት ሰፊ አፍ ያለው ብርጭቆ ማሰሮ ይበቃል፤ ላዩ ላይ ሶፍት ያንጥፉ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ አይክተቱ።

ከሞተ በኋላ በሦስት ማዕዘን ፖስታ ይገባል። 15 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ ለስላሳ ወረቀት ወስደው በሰያፍ ያጥፉ፣ በሁለት ጎን የሚተርፈውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይመልሱ። ሸካራ ወረቀትና ጋዜጣ ብናኙን ያረግፋሉ። ቢራቢሮን በጣት መያዝ የግድ ሲሆን አራቱንም ክንፍ በአንድነት፣ ወደ ሰውነቱ ጠጋ ብሎ ይያዙ፤ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ወረንጦ ካለዎት ደግሞ ጣትም አያስፈልግ። ትኩስ እያለ ካልዘረጉት ይደርቃል፣ ደርቆ የተነካ ቢራቢሮ ደግሞ ይሰበራል። የእናንተዎቹ የረገፉት በዚህም ይመስለኛል። የደረቀውን ለመመለስ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ በላዩ ወረቀት፣ ከዚያ ቢራቢሮውን አድርገው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይተዉት፤ አሸዋው ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ዴቶል ካደረጉ ሻጋታ አይቀድምዎትም። ክንፉ ሲነኩት ያለ ተቃውሞ ከተንቀሳቀሰ ለመዘርጋት ደርሷል።

የመዘርጊያው ሰሌዳ ከሁለት ፎም ቁራጭ ይሠራል፤ በመካከላቸው የሰውነቱን ውፍረት የሚያክል ቦይ ይተዋል። መርፌው የነፍሳት መርፌ ቁጥር 2 ወይም 3 ቢሆን ይመረጣል፤ ርዝመቱ 38 ሚሊሜትር ነው፣ አይዝግም። የልብስ ስፒል አጭርና ወፍራም ነው፣ በክረምት ይዝግና ደረቱን ይሰነጥቃል። መርፌው የደረቱን መካከል ቀጥ ብሎ ይወጋል፣ ከላይ ሲሶው ይቀራል። ከዚያ የፊት ክንፎቹን የኋላ ጠርዝ ከሰውነቱ ጋር 90 ዲግሪ እስኪሠራ ድረስ ወደ ፊት ይሳቡ፣ የኋላዎቹን ያስከትሉ፣ በወረቀት ቅዳጅ ይያዙዋቸው። መርፌ ክንፉን አይውጋ፤ ወረቀቱን ብቻ ይውጋ። በበጋ ሁለት ሳምንት ይበቃል፣ በክረምት አንድ ወር ቢቆይም አይገርምም። ቶሎ ከነቀሉት ክንፉ ይወርዳል።

መረቡን እዚያው መሥራት ይቻላል። 4 ሚሊሜትር ውፍረትና 150 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ጠንካራ ሽቦ ይውሰዱ፤ 126ቱ ሴንቲሜትር 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሠራል፣ በሁለቱም ጫፍ የሚተርፈው 12 ሴንቲሜትር እጀታው ላይ ይታሰራል። እጀታው ለቢራቢሮ 1 ሜትር፣ ለውሃ ተርብ 1.80 ያህል የሆነ ደረቅ ቀርከሃ ይሁን። ከረጢቱ ቢያንስ ከክቡ ሁለት እጥፍ ይረዝማል፤ 130 በ85 ሴንቲሜትር ቱል ጨርቅ ይበቃል። እንዲህ የሚረዝመው ነፍሳቱ ከገባ በኋላ መረቡን ገልበጥ ሲያደርጉት ጨርቁ በሽቦው ላይ ታጥፎ አፉን እንዲዘጋ ነው፤ አጭር ከሆነ አይዘጋም፣ የያዙት ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ታቹ ሾጣጣ ሳይሆን ክብ ይሁን፣ ሾጣጣው ጫፍ ክንፍ ያጨማድዳል። ሽቦው የሚያልፍበትን ጠርዝ ከሸራ ይስፉት፤ ቱል ብቻውን እሾህ ሲነካው ይቀደዳል። ቀለሙ ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ቢሆን ይሻላል፤ ነጩን ተርቡ ከሩቅ ያየዋል፣ በጥቁሩ ውስጥ ደግሞ የያዙትን እርስዎ በቀላሉ ያያሉ።

የወባ አጎበር ቆርጦ መስፋት ለብዙ ሰው ይታየዋል። አይሆንም። በጤና ጣቢያ የሚታደለው አጎበር ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ነው፤ ደጋግሞ ቢታጠብም መድኃኒቱ እንዳይለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። በውስጡ የገባ ቢራቢሮ ቢለቀቅም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይወድቃል፤ ሰው የሚተኛበትን አጎበር ለዚህ ማዋሉም ተገቢ አይደለም።

ስለ ጊዜው። ባሕር ዳር አካባቢ ምርጡ ወቅት ዝናቡ ሲቀንስ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ነው፤ አበባው አለ፣ ውሃው አልደረቀም፣ ሰማዩ ጠርቷል። ሁለቱም ነፍሳት ለመብረር ሰውነታቸው በፀሐይ መሞቅ ስላለበት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት እምብዛም አያገኟቸውም። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ድረስ ያለው ፍሬያማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ቢራቢሮው ወደ ቁጥቋጦ ይገባል። ደመና ፀሐይን ሲሸፍን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰወራሉ፤ ተማሪዎቹ “አልቀዋል” ብለው እንዳይበተኑ አስቀድመው ይንገሯቸው።

የውሃ ተርብን ሮጦ መያዝ አይቻልም። ዓይኑ ከሺዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ ዓይኖች የተሠራ ስለሆነ ፊቱን፣ ጎኑንና ላዩን በአንድ ጊዜ ያያል፤ ደካማው ጎን ከኋላና ከታች ነው። ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ቢነሳም ወደዚያው ጫፍ ስለሚመለስ ቦታውን አይተው ዝም ብለው ይቁሙ። ሲመለስ ከኋላ ከታች ወደ ላይ አንድ ጊዜ ፈጥነው ይምቱ፣ ወዲያው ይገልብጡ። እንደ አናክስ ያሉት ትልልቆቹ አይቀመጡም፣ የውሃውን ዳር እየጠበቁ ይመላለሳሉ፤ መንገዳቸውን ሁለት ሦስት ዙር አይተው ልክ ካለፈዎት በኋላ ከኋላው ይምቱ። ፊት ለፊት ከመቱት ያን መንገድ ቀይሮ ይቀራል። ክንፋቸውን ገጥመው የሚቀመጡት ቀጫጭኖቹ በደንገልና በቄጠማ መካከል ዝቅ ብለው ስለሚበሩ ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃቸዋል። ውሃው ዳር የሚያገኟቸው አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ለመራባትና እንቁላል ለመጣል ብቻ ነው የሚመጡት፤ እነሱን ከፈለጉ ከውሃው ራቅ ብለው ሣሩንና ቁጥቋጦውን ይፈትሹ። ክንፉ እንደ አዲስ ላስቲክ የሚያብረቀርቅ፣ ሰውነቱ ገርጣ ያለ፣ በረራው ደካማ የሆነ ካዩ ዛሬ ከውሃ የወጣ ነውና አይንኩት፤ ገና አልጠነከረም፣ ጣት ያጎብጠዋል።

ቢራቢሮ አበባ ላይ ከሆነ ከጎን ይጠረጋል። መሬት ላይ፣ በተለይ እርጥብ ጭቃ ላይ ከተቀመጠ ግን መረቡን ከላይ ጣል አድርገው የከረጢቱን ጫፍ ወደ ላይ ይያዙ፣ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል። ጥላዎ እንዳያርፍበት በየት በኩል እንደሚጠጉ ያስቡ። አበባ የማይጎበኙትን ቻራክሰሶች ደግሞ በማጥመጃ ነው፦ የበሰበሰ ሙዝ ከስኳርና ከጥቂት ጠላ ጋር ለሁለት ሦስት ቀን ይብላላ፤ የጠላ አተላም ይሆናል። ከቱል የተሰፋ፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 90 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ላዩ የተዘጋ ታቹ የተከፈተ ረጅም ከረጢት ከሾላ ወይም ከዋርካ ቅርንጫፍ ይንጠልጠል፤ ከታቹ አፍ 3 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሙዙ ያለበት ሳህን ይታሰር። ቢራቢሮው ጠጥቶ ሲነሳ ወደ ላይ ስለሚበር ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። ክፍተቱ ከሰፋ በጎን ያመልጣል። ገመዱን ዘይት ካልቀቡት ጉንዳን ቀድሞ ይደርሳል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ካልጎበኙት ደግሞ እንሽላሊትና ወፍ ክንፍ ብቻ ያስቀሩልዎታል።

ሁሉንም መግደል የግድ ነው ወይ ላሉት፦ አይደለም፤ ለክበብ ተማሪዎችማ ቅድሚያ የምሰጠው ሳይገድሉ ለሚሠራ ሥራ ነው። ከሁሉ የምመርጠው የውሃ ተርብ እጭ ጥሎት የሚሄደውን ቆዳ መሰብሰብ ነው። እጩ ውሃ ውስጥ አድጎ ሲጨርስ በደንገል፣ በፊላ ወይም በድንጋይ ላይ ወጥቶ ቆዳውን ይገፍፋል፣ ባዶ ቆዳው እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ጠዋት፣ ነፋስና ዝናብ ሳይወስደው፣ ከውሃው በላይ እስከ ግማሽ ሜትር ያለውን አገዳ ይፈትሹ። በክብሪት ሣጥን ውስጥ ደርቆ ለዓመታት ይቆያል፣ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽርም የታችኛው ከንፈሩና የሆዱ እሾሆች ይታያሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በራሪው ተርብ የማይሰጠውን ማስረጃ ይሰጣል፤ በራሪው ከሌላ ቦታ መጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ቆዳው ግን ዝርያው በዚያ ውሃ ውስጥ ማደጉን ያረጋግጣል። ፓንታላ ፍላቬሴንስን ለምሳሌ ይውሰዱ፤ ከዝናብ በኋላ በሜዳ ላይ በመንጋ የሚበረው ብጫማ ተርብ ነው፣ በስደቱ ሕንድ ውቅያኖስን የሚሻገረው። ሜዳው ላይ በመቶ ቢቆጥሩት በአቅራቢያው ስላለ ኩሬ ምንም አይነግርዎትም። በኩሬው ዳር ቆዳውን ካገኙ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ቆጠራ ነው። ብሪታንያዊው ኧርነስት ፖላርድ የዘረጋውና በአገሩ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሔራዊ ደረጃ የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው፦ አንድ ቋሚ መስመር ይመረጣል፣ በዝግታ ይሄዳሉ፣ በግራና በቀኝ 2.5 ሜትር፣ ከፊት 5 ሜትር ውስጥ የታየው ብቻ ይቆጠራል። ለእናንተ ግማሽ ኪሎሜትር ይበቃል፤ በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት። ከኋላ የመጣ አይቆጠርም፣ ያልለዩት በግምት ስም አይሰጠውም፤ “ነጭ ቢራቢሮ፣ ያልተለየ” ብሎ መጻፍ የተሳሳተ ስም ከመጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛው ማሳደግ ነው፤ እንከን የሌለው ክንፍ የሚገኘውም በዚህ ነው። ሎሚና ብርቱካን ላይ የሚገኘው የፓፒሊዮ ዴሞዶከስ አባጨጓሬ ለጀማሪ ይመቻል፦ ትንሽ እያለ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲነኩት ከራሱ ኋላ ሽታ ያለው ቀላ ያለ መንታ ቀንድ ያወጣል። በየቀኑ ትኩስ ቅጠል፣ ደረቅ ሣጥን፣ ለሙሽሬነት (ከአባጨጓሬ ወደ ቢራቢሮ ለሚለወጥበት ደረጃ) የሚወጣበት እንጨት ይፈልጋል። ፀረ ተባይ ከተረጨ ዛፍ ቅጠል ከወሰዱ በማግስቱ ሁሉም ሞተው ያገኟቸዋል። ዳናውስ ክሪሲፐስ የተባለውን ቢራቢሮ ጦቢያ በሚባለው ወተታም ተክል ላይ ካሳደጉ ደግሞ የጦቢያው ወተት ዓይን ስለሚጎዳ ልጆቹ እጃቸውን ይታጠቡ።

ስም መለየት ላይ ብዙ ሰው በቀለም ይሳሳታል። ለተርብ አራት ፎቶ ያስፈልጋል፦ ደረቱ ከጎን፣ ሆዱ ከላይ፣ የሆዱ ጫፍ መቆንጠጫ ቀርቦ፣ ክንፉ ተዘርግቶ። ወንድ ከሆነ ከሁለተኛው የሆድ ክፍል ሥር እብጠት አለው። እንደ ኢሽኑራ ባሉት ቀጫጭኖች ሴቶቹ የተለያየ ቀለም ስለሚይዙ በቀለም መለየት አይሞከርም፤ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረው ኢሽኑራ አቢሲኒካም ከዚህ ወገን ነው፣ የሚያረጋግጠው የወንዱ መቆንጠጫ ነው። ለቢራቢሮ ላዩንም ታቹንም ያንሱ፤ በትንንሾቹ ሰማያዊዎች ታቹ ከሌለ ፎቶው ከንቱ ነው። ዳናውስ ክሪሲፐስንና እርሱን የምትመስለውን የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴት ለመለየት የኋላ ክንፉን ይዩ፦ ዳናውስ መካከሉ ላይ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥብ አለው፣ ሂፖሊምናስ በፊተኛው ጠርዝ ላይ አንድ ብቻ። ሌላው በውጭ አገር መጽሐፍ የሚያሳስት ፓፒሊዮ ዳርዳነስ ነው፤ በሌላው የአፍሪካ ዋና ምድር ሴቶቹ ጭራ የሌላቸውና ሌሎች መርዛማ ቢራቢሮዎችን የሚመስሉ ናቸው፣ በኢትዮጵያ ግን እንደ ወንዱ ብጫማና ባለ ጭራ ሴቶች አሉ። የስልክ መተግበሪያ የሚጠቁመው ስም መነሻ እንጂ መልስ አይደለም፤ ብዙ ፎቶ ወዳለው ዝርያ ያደላል።

መረጃው ከናሙናው ጋር በዚያው ሰዓት ይጻፍ፦ ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የተገኘበት ሁኔታ፣ የሰብሳቢው ስም። በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አሴቶን ውስጥ ታጥቦ ይወጣል። ከሁሉ የሚከፋው በእኛ አገር የቀኑ ጉዳይ ነው። 3/2/2017 ብለው ቢጽፉ ጥቅምት 3 ነው ወይስ የካቲት ወይስ ፈረንጆቹ መጋቢት፣ ከዓመት በኋላ ማንም አያውቅም። የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጨምሩ፤ ሰዓቱንም “ከጠዋቱ 4 ሰዓት” እንጂ “4:00” አይበሉ። የስልኩ ፎቶ ቀኑን በፈረንጅ ስለሚይዝ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስፈር ነው።

ጉንዳኑን ለመከላከል የሣጥኑን ጠረጴዛ እግሮች ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ያቁሙ። ከጉንዳን የከፋችው ግን ትንሿ ቆዳ በል ጥንዚዛ ናት፤ ከናሙናው በታች ብናኝ ካዩ ገብታለች። ሣጥኑን በላስቲክ ጠቅልለው በረዶ ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቆዩት፣ ሲያወጡትም እስኪሞቅ ላስቲኩን አይፍቱ፤ ከፈቱት ጤዛ ይይዘዋል። ናፍታሊን ያባርራል እንጂ የገባውን አይገድልም፣ ፎምን ከነካ ደግሞ ያሟሟዋል።

ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ተማሪ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አይግባ፤ በተለይ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ተውሳኩ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣበት ሰዓት ነው። የጎማ ቦት ጫማ ያደረገ አንድ ሰው ይበቃል፣ ሌላው ከዳር ይሥራ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ ደንገል ውስጥ አይግቡ።

ፈቃዱን አስቀድመው ይጨርሱ። በዘጌም ሆነ በሌላ የቤተ ክርስቲያን ደን መረብ ይዞ ከመግባት በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ ማስፈቀድ ነው፤ ቆጠራና ፎቶ ብቻ ከሆነ ይህንኑ ይንገሯቸው። በብሔራዊ ፓርኮች የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ናሙናን ለመለየትም ቢሆን ወደ ውጭ አገር መላክ የጄኔቲክ ሀብት አርካቦትን (ሀብቱን ማግኘትና መጠቀምን) በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ሥር ስለሚወድቅ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሳይያዝ በፖስታ አይላክም። ለትምህርት ቤት ከአንድ ዝርያ አንድ ወንድና አንድ ሴት ይበቃል፤ ለማመሳከር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ያለውን የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይጠይቁ፣ ከደብዳቤው ጋር ፎቶዎቹንና የካርዶቹን ግልባጭ ያያይዙ።